ለአሥር አይጥ የሚበቃ

የትምወርቅ አለኸኝ ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው ያወጣችው ኅዳር ስምንት ቀን ረፋድ ላይ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አማካሪዋ ዶክተር ሙሉሐረግ ስብሰባ ገብታለች። ብልቃጡ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ውሃ ይመስላል። ዕቃ ሲወጣ መዝገብ ላይ መፈረም ግዴታ ነው፤ እሷ ግን አልፈረመችም። በበረዶ በተሞላች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ሳጥኑን በነጠላዋ ጠቀለለችና ወጣች።

የዚያን ቀን ጠዋት እናቷ ወይዘሮ እታገኘሁ ከመካነ ሰላም ደውለው ነበር።

«አባትሽ ተኝተው ማደር አቅቷቸዋል» አሉ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። «ትራስ ደርድሬ አስደግፋቸዋለሁ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል። እንዳትነግሪያት ብለው አስምለውኝ ነበር፤ ግን ልጄ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ደጋግማ ብትሞክርም አልገባ አላት።

ለየትምወርቅ እነዚያ ሦስት ነገሮች በቂዋ ነበሩ። የልብ ድካም ነው፤ ሳንባቸው ውሃ እየያዘ ነው። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ለዶክትሬቷ አዲስ አበባ ተቀምጣ አራት ዓመት ሙሉ ያጠናችው ልብ እንዴት እንደሚያረጅ ነው። በልብ ህዋሶች ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ከነሱ አንዷ፣ ሠላሳ አራት-ኤ የምትባለው፣ ዕድሜ ሲገፋ ትበዛለች፤ ስትበዛም ልብ ራሱን የሚጠግንበትን መንገድ ትዘጋለች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እሷን ይዞ የሚያስቆም ከልካይ ነው። የትምወርቅ ያረጁ አይጦችን ወግታበት፣ ከሳምንታት በኋላ ልባቸው በርትቶ ሲመታ በዓይኗ አይታለች። ያንን በዓይኗ ያየችውን ነገር ተማምና ነው የተነሣችው።

የተሳፈረችበት ሚኒባስ ደጎሎ ላይ ቆመ። ወደፊት መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ለምን እንደተዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ገብስና ስንዴ የጫኑ የጭነት መኪኖች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ በጥላቸው ስር ካርታ ይጫወታሉ። የትምወርቅ ሳጥኑን ከፍታ አየች። በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል።

ከአንድ ምግብ ቤት ገብታ የቤቱን ባለቤት «እባክሽ እህቴ፣ ይህችን ፍሪጅሽ ውስጥ ከላይኛው በረዶ ቤት አስቀምጪልኝ» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳጥኑን በጥርጣሬ አየችው። «ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ለማን?»

«ላባቴ።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። የበረዶ ቤቱን ሥጋ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችላት። «አላህ ያሽርልሽ» አለቻት። የትምወርቅ አመሰገነቻትና ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በፊት ያንን ፈሳሽ መድኃኒት ብላው አታውቅም ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም።

በማግስቱ ጭነት ያራገፈ አንድ ሾፌር በገጠር መንገድ ዞሮ ለመሄድ ሲነሣ ለምና ተሳፈረች። የቀረውን መንገድ ከገበያተኛ ጋር በእግሯ ሄደች። ሳጥኑን በየደረሰችበት በጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ በምንጭ ውሃ እያቀዘቀዘች ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ገባች።

አባቷ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተውላቸው ተቀምጠዋል። አቶ አለኸኝ ለሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። የክትባት ሳጥን በትከሻቸው አንግተው ከወሎ ቦረና እስከ ወረኢሉ ያልረገጡት ቀበሌ የለም፤ ዳገት ላይ የሚቀድማቸው አልነበረም። አሁን አንገታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ተገትሯል። ሲተነፍሱ ትከሻቸው አብሮ ይነሣል። እግራቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል።

«ማን ጠርቶሽ መጣሽ?» አሉ።

«ናፍቀውኝ ነው አባዬ።»

«ውሸታም» አሉና ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው።

የትምወርቅ ተንበርክካ ደረታቸው ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ጆሮዋ ቅርብ ስለነበር ትንፋሻቸው ሲገባ ስር ስሩን እንደሚፈላ ውሃ ሲንተከተክ ሰማች። እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ቶሎ አላነሣችም።

አመሻሹ ላይ ሁዜይፋ መጣ። ሁዜይፋ የከተማው ጤና መኮንን ነው፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥረኛ ከየትምወርቅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት። አቶ አለኸኝን ሲከታተል የቆየው እሱ ነው። ደረታቸውን አዳመጠ፣ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ «አብሽሩ ጋሼ» አላቸው። ከዚያ የትምወርቅን ወደ ጓሮ ጠራት።

«ግፊታቸው ብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ኖሯል» አላት። «አልታወቀም እንጂ። እሳቸውም የሰው ሐኪም ጋ አይሄዱም ነበር። ልባቸው ሰፍቷል፤ ደክሟል። ውሃውን የሚያሸናቸው ክኒን እሰጣቸው ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አለቀብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደሴ የገባ መኪና የለም።»

የትምወርቅ ሳጥኑን አመጣችና ከፈተችለት። ብልቃጧ በቀለጠ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ምን እንደሆነች፣ ምን እንደምትሠራ፣ አይጦቹ እንዴት እንደሆኑ በችኮላ ነገረችው። ሁዜይፋ እስክትጨርስ ሰማት።

«ሰው ላይ ተሞክሯል?»

«ሌላ ዓይነት ከልካይ ሰው ላይ እየተሞከረ ነው፤ ውጭ አገር። ይህቺኛዋ ገና ናት።»

«በኪሎ ስንት ነው የሚሰጠው?»

የትምወርቅ ብልቃጧን ከውሃው አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻት።

«የትሜ፣ ጋሼ አለኸኝ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ናቸው። እብጠቱን ስትቀንሺ ከዚያም ያንሳሉ። በኪሎ ስንት ነው?»

ነገረችው። ሁዜይፋ ስልኩን አውጥቶ አሰላና ወደ እሷ አዞረላት። «መቶ ሰባ ሦስት ብልቃጥ» አለ።

«ከአይጥ ወደ ሰው ሲመጣ እንዲህ አይሰላም፤ ይቀንሳል» አለች።

«እሺ፣ ቀንሺው።»

ጭንቅላቷ ውስጥ አሰላችው። «አሥራ አራት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለአንድ ጊዜ። ከዚያ ይደገማል።»

«እና ይህቺ ያለችው ለስንት ትበቃለች?»

«ለአሥር አይጥ» አለች የትምወርቅ። «ለአሥር አይጥ ትበቃለች።»

ሁዜይፋ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። እሷ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። መጠን ማስላት የዕለት ሥራዋ ነው፤ በሳምንት ሃምሳ ጊዜ ታሰላለች። ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም አራት ቀን ሙሉ ግን ይህንን አንድ ስሌት አልሠራችውም። ረስታው አይደለም። ከሠራችው ሳጥኑን ይዛ የምትሄድበት ምክንያት እንደሚያልቅ ልቧ ያውቅ ነበር።

«ደግሞ ሥራዋ በሳምንታት ነው» አለች ወደ መሬት እያየች። «ዛሬ ብትወጋ ነገ ምንም የለም። ኩላሊት ትጎዳ እንደሆነም አላውቅም። ይህቺ የምታስቆማት ሠላሳ አራት-ኤ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ካንሰርን የምትከለክል ናት።»

«አሁን ጋሼን የሚገድላቸው ሳንባቸው ላይ ያለው ውሃ ነው» አለ ሁዜይፋ። «ለሱ ደግሞ መድኃኒት አለው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ፉሮሴማይድ ነው። አዲስ አበባ የትኛውም መድኃኒት ቤት ገብተሽ ብትጠይቂ የምታገኚው ክኒን።»

የትምወርቅ ቀና ብላ አየችው። ከቤተ ሙከራው በር እስከ ታክሲው ማቆሚያ ድረስ በሦስት መድኃኒት ቤት ደጃፍ አልፋለች። አንዱም ውስጥ አልገባችም።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አለኸኝ ጠሯት። መስኮቱ ስር፣ በሦስት ትራስና በአንድ ጆንያ ገለባ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ትናንት ጓሮ የምታወሩትን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አላረጀም» አሉ። «ምንድን ነው ያመጣሽው? እንደ ልጅ አታታልዪኝ፤ እንደ ባለሙያ ንገሪኝ።»

የትምወርቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ልብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ህዋስ ሥራውን የሚሠራው በትእዛዝ ነው አባዬ። ይህን ሥራ፣ ያንን ጠግን የሚል ትእዛዝ ከዘር እየተቀዳ ይወጣል። እኔ የማጠናቸው ጥቃቅን ነገሮች ትእዛዙን እየያዙ ያስቆሙታል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ነገር መጠን አለው፤ የሚያስቆምም ያስፈልጋል። ስናረጅ ግን አንዷ ከመጠን በላይ ትበዛለች፤ ጥገናውን ታስቆመዋለች። ህዋሱ ይሞታል፤ በቦታው ጠባሳ ይገባል። ጠባሳ ደግሞ አይመታም።»

«ነጩን ነገር ነው የምትይኝ» አሉ አቶ አለኸኝ። «ያረጀ በሬ ታርዶ ስመረምር ልቡ ላይ ነጭ መስመር አያለሁ። ጅማት የሚመስል። ቢላ ይይዛል። ድካም ነው ይሉኝ ነበር ባለቤቶቹ፤ እኔም ድካም ነው ብዬ እጽፍ ነበር።»

«እሱ ነው።»

አባቷ ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ታዲያ ውጊኝ።»

«አባዬ...»

«እኔ ያልተሞከረ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም መሰለሽ? ሊሞት የተኛ በሬ ባለቤቱ እግሬ ላይ ወድቆ ሲለምነኝ ያለኝን እወጋለሁ። አንዳንዱ ይነሣል። ውጊኝ።»

«አይበቃም» አለች። «መጠኑ አይበቃም። ለአሥር አይጥ ነው።»

አቶ አለኸኝ ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳይለይ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ሳሉ መጣ፤ አረፋ የመሰለ ነገር ከአፋቸው ወጣ። ከንፈራቸው ጠቆረ። የትምወርቅ ወደ ፊት ደግፋ ያዘቻቸው። እናቷ ሮጠው ገቡ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ያዟቸው፤ ሳሉ ተወት ሲያደርጋቸው ላብ በላብ ሆነዋል፤ መናገር አልቻሉም።

የትምወርቅ ተነሣች። ሳጥኑን ከፈተች፣ አብራ ያመጣችውን መርፌ ከማሸጊያው አወጣች፣ ብልቃጡን ወግታ ፈሳሹን ሳበች። የአባቷን የቀኝ እጅ ይዛ እጅጌያቸውን ሰበሰበች። እሳቸው ዝም ብለው ዘረጉላት።

ወይዘሮ እታገኘሁ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። «ይጠቅማቸዋል?» አሉ።

«አይጠቅማቸውም።»

«ይጎዳቸዋል?»

«አላውቅም እማዬ።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ ነው የምትወጊያቸው?»

የትምወርቅ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። እናቷ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የእውነት ሊያውቁ ነው የጠየቁት። የትምወርቅ የአባቷን እጅ ለቀቀች፣ እጅጌያቸውን መልሳ ዘረጋችላቸው፣ ደጅ ወጥታ ፈሳሹን አመዱ ላይ ረጨችው። ከዚያ እዚያው ቆማ እሪ አለች። ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ እየሮጠ መጣ።

«አልሞቱም» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ ደጃፍ ላይ ቆመው። «ግቡ፤ አልሞቱም። ልጄን አስተዛዝኗት።»

ከመጡት መካከል አንደኛዋ «ባሏ በልብ የሞተባት ሐረግ የተረፈው መድኃኒት ሳይኖራት አይቀርም» አለች። የትምወርቅ እንባዋን ሳትጠርግ ተነሣች።

ሐረግ ከገበያው በላይ ነው የምትኖረው። ባሏ ቢተው ባለፈው ጥር ነው የሞተው። የትምወርቅ የመጣችበትን ስትነግራት ሐረግ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ጓዳ ገብታ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ውስጡ የቢተው መነጽር፣ የዕድር ደብተሩ፣ የአንገት ማተቡ፣ ከነሱም ስር በላስቲክ የታሰሩ ክኒኖች ነበሩ።

«መጣል አቃተኝ» አለች። «ለምን እንደሆነ እንጃ። ቀኑ አልፎ ይሆን?»

የትምወርቅ ወደ ብርሃን አዙራ አነበበች። ፉሮሴማይድ። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶታል። አሥራ ዘጠኝ ፍሬ።

«እሱን አላዳነውም» አለች ሐረግ።

«አውቃለሁ» አለች የትምወርቅ። «አያድንም። ያስተነፍሳል።»

«ውሰጂው በቃ። ያስተንፍሳቸው።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁዜይፋ ራሱ ቆሞ አስዋጣቸው። አቶ አለኸኝ ያን ቀን ሲሸኑ ዋሉ። ወይዘሮ እታገኘሁ ማስታጠቢያውን እያመላለሱ ሲያዩት እንደ ምርት ነበር የሚደሰቱበት፤ «ይኸው፣ ይኸው፣ ደግሞ መጣ!» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእግራቸው ቆዳ ተሸበሸበ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትራስ ብቻ ተንተርሰው ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ደረታቸው ሲነሣና ሲወድቅ አዩ። ወይዘሮ እታገኘሁ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ነበር።

ያ ጊዜ አጭር ነበር። አቶ አለኸኝ ሽሮ በትንሹ በሉ፤ ጨው እንዳይነካው የትምወርቅ ራሷ ትጠብቃለች። ስለ ከብት ያወራሉ። አንድ ቀን «ያቺ ያጠናሻት ነገር መድኃኒት የምትሆነው መቼ ነው?» አሏት።

«ከሆነች ከአሥር ዓመት በኋላ ይሆናል አባዬ። ላትሆንም ትችላለች።»

«ይሁን። ገና ለገና ብለሽ አትተያት» አሉ።

የትምወርቅ ክኒኖቹን ለማቆየት ግማሽ ግማሽ እያደረገች ትሰጣቸው ጀመር። ሁዜይፋ አልተቃወመም፤ ሌላ ምርጫ የለውም። በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄደች ትጠይቃለች። ገና ነው ይሏታል። በኅዳር መጨረሻ የመጨረሻዋን ግማሽ ክኒን ሰጠቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚታቸው ተነሥቶ እንደገና ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ተቀምጠው ማደር ጀመሩ።

ታኅሣሥ አራት ቀን ሁዜይፋ እየሮጠ መጣ። «አምቡላንስ እንዲያልፍ ተፈቅዷል። አሁኑኑ ከወጣን እስከ ማታ ደሴ እንገባለን።»

አቶ አለኸኝ እጃቸውን አወዛወዙ። «አልሄድም።»

«አባዬ፣ እዚያ በደም ሥር የሚሰጥ አለ፤ ኦክስጅን አለ...»

«ከብት ሊሞት ሲል» አሉ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሁለት ቃል እየጣሉ፣ «ወደማያውቀው መስክ አይነዳም። እዚሁ ተዉኝ። እናትሽ አለች። ቤቴ ነው።»

የትምወርቅ መሬት ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። ጣቶቿ እብጠቱ ውስጥ ሰመጡ። «እለምንዎታለሁ» አለች። «ብልቃጡን ይዤ መጣሁ፤ አልሆነም። ክኒኑን አገኘሁ፤ አለቀ። አንድ ነገር ነው የቀረኝ። እለምንዎታለሁ አባዬ፤ ይህንን አይከልክሉኝ።»

አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ላንቺ ስል።»

በወንበር አውጥተው ጫኗቸው። ወይዘሮ እታገኘሁ ከፊት ከሾፌሩ ጋር፣ የትምወርቅና ሁዜይፋ ከኋላ ሆኑ። ሁለት ሰዓት ያህል ደህና ሄዱ። ደጋው ላይ ሲደርሱ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ጠባቂዎቹ የማለፊያ ወረቀቱን አይተው መለሱላቸው፤ «ከወዲያ ማዶ ትእዛዝ እስኪመጣ ጠብቁ» አሉ። ሁዜይፋ ወርዶ ለመነ። በሽተኛውን ኑና እዩ አላቸው። አንዱ መጥቶ በመስኮት አይቶ «ይማርዎት አባቴ» አለና ተመለሰ። ድንጋዩ ግን አልተነሣም።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ መኪናውን አጋለው። የኋላውን በር ከፈቱት። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ አውድማ ላይ ገብስ ይወቃል፤ በሬዎቹ በእብቁ መሐል ይዞራሉ፤ የነጂው ድምፅ እስከ መኪናው ይሰማል። አቶ አለኸኝ የትምወርቅ ደረት ላይ ተደግፈው ቁልቁል ያያሉ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ጣታቸውን ትንሽ አነሡ።

«ያ... ግራው በሬ» አሉ። «ያነክሳል። ሰኮናውን... ይዩለት።»

የትምወርቅ ቁልቁል አየች። በሬው እውነትም ያነክስ ነበር። «እነግራቸዋለሁ አባዬ» አለች። መልስ አልሰጧትም። ትንሽ ቆይቶ ደረቷ ላይ ያረፈው ክብደት ተለወጠ። ሁዜይፋ አንገታቸው ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ቆየ፤ ከዚያ «ኢናሊላሂ» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ድንጋዩን ያነሡላቸው መኪናው ወደ መጣበት ለመመለስ ሲዞር ነው፤ ሬሳ መሆኑን ሲያዩ ጠባቂዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ቀበሯቸው። ከየቀበሌው ሰው መጣ፤ በሬዬን አድነውልኛል፣ ላሜን አዋልደውልኛል የሚል ሁሉ መጣ። የትምወርቅ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች። ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ፣ ሚስታቸው እጅ ላይ ይሞቱ የነበሩትን ሰው መንገድ ላይ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ትል ነበር ለራሷ። ለእናቷም ይህንኑ ተናገረች።

ወይዘሮ እታገኘሁ ወዲያው አላጽናኗትም። «እኔም ብትተያቸው እወድ ነበር» አሉ ቆይተው። «ዝም ያልኩት ደሴ ቢደርሱስ ብዬ ነው። አንቺን ብቻ አይደለም የምወቅሰው።»

ከሣልስቱ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ስልክ ተከፈተ። የትምወርቅ ለዶክተር ሙሉሐረግ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ማስተካከያ አላበጀችለትም።

«ወግተሻቸዋል?» አለች አማካሪዋ።

«አልወጋሁም። ስቤው ነበር። እናቴ አስቆመችኝ።»

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የትምወርቅ፣ ለኮሚቴ ማሳወቅ አለብኝ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ምናልባት አንድ ዓመት ያግዱሻል። ምናልባትም ከዚያ በላይ። ልከላከልልሽ እሞክራለሁ፤ ግን ቃል አልገባልሽም።»

«አይከላከሉልኝ» አለች የትምወርቅ።

እገዳው በጥር መጀመሪያ በደብዳቤ ደረሳት፤ አንድ ዓመት ነው። ከሰዓት በኋላ ሁዜይፋ ሊጠይቃቸው መጣ። ደብዳቤውን አነበበና አጥፎ መለሰላት። ወደ ወይዘሮ እታገኘሁ ዞሮ አያቸው። ጥቁር ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ እንጨት ተሸክመው ገብተው ደጃፉ ላይ ቆመው ያለከልካሉ።

«እማማ እታገኘሁ፣ ይቀመጡማ፤ ግፊትዎን ልለካዎት» አለ።

«እኔ ምን ሆኜ? ደህና ነኝ።»

«ጋሼም እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ተቆጡ። ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ ሌላ ጊዜ አሉ። የትምወርቅ ተነሥታ እንጨቱን ከጀርባቸው አወረደች፤ በርጩማ አቀረበችላቸው። አልለመነቻቸውም። ቆማ ጠበቀች። እናቷ ፊቷን አይተው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

ሁዜይፋ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመ፣ ነፋ፣ ቀስ ብሎ አስተነፈሰ። ደግሞ ነፋ። ከዚያ መለኪያውን ወደ የትምወርቅ አዘነበለላት። መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት ይላል።

የትምወርቅ የእናቷ እግር ስር ተቀመጠች።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ። «ንገሩኝ እንጂ፤ ምን ይላል?»

«ከፍ ብሏል እማዬ» አለች የትምወርቅ። «ለሱ መድኃኒት አለው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትውጪያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

የትምወርቅና ሁዜይፋ ተያዩ። ሁዜይፋ ቦርሳውን ከፈተ፤ የትምወርቅ ያሉትን ክኒኖች መቁጠር ጀመረች።